ሁላ፦ እጅ የሚናገርበት ውዝዋዜ

ዛሬ ራቅ ወዳለ አገር እንሂድ። አገሩ ሃዋይ ይባላል። በሰላማዊ ውቅያኖስ መካከል የሚገኙ ደሴቶች ናቸው። ደሴት ማለት ዙሪያውን በውሃ የተከበበ መሬት ነው፤ ጣና ሐይቅ ላይም አለ። ሃዋይ እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ 50ኛዋ የአሜሪካ ግዛት ናት። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የሃዋይ ሰዎች ውዝዋዜ ሁላ ይባላል። ለጉብኝት የሚሄዱ ተማሪዎችም ይማሩታል። መጀመሪያ የሚማሩት እግርን ነው። ጉልበት ሰበር ይላል። ወደ ቀኝ መራመድ፣ ወደ ግራ መመለስ። መምህሩ ቅል እየመታ ምቱን ይሰጣል። ያው እኛ ወተት የምንንጥበት ዓይነት ቅል ነው!

ከእግር ቀጥሎ እጅ ይመጣል። እዚህ ላይ ነገሩ ይከብዳል። ጣቶች እየተርገበገቡ ሲወርዱ ዝናብ ነው። እጆች ከፍና ዝቅ ሲሉ ማዕበል ነው። ዓይን እጅን ይከተላል። ብዙ ጎብኚ ግን ወገብ ብቻ አይቶ ይመለሳል። ወሬው ያለው እኮ እጁና ግጥሙ ላይ ነው። ቃሉን ሳያውቅ የሚወዛወዝ ተማሪ ላቡን አፈሰሰ እንጂ ሁላ ተማረ አንልም።

ለምን? የሃዋይ ሰዎች በጥንት ጊዜ ጽሕፈት አልነበራቸውም። የአለቆቻቸውን የዘር ሐረግ፣ የአማልክቶቻቸውን ታሪክ፣ የቦታዎችን ስም የያዙት በቃል ግጥም ነው። ሁላ ያንን ግጥም በአካል ያሳያል።

በ1820 የአሜሪካ ሚስዮናውያን መጡ። በላቲን ፊደል ቋንቋውን መጻፍ ጀመሩ። በ1826 ፊደሉ 12 ብቻ እንዲሆን ተወሰነ። (የእኛን ስንት እንደሆነ እናንተው ቁጠሩ!) ትምህርት ቤት ቀድመው የገቡት አዋቂዎች ነበሩ። በ1834 በቋንቋቸው ጋዜጣ ታተመ።

ሚስዮናውያኑ ፊደል ቢያስተምሩም ሁላን ግን ጠሉት። በ1830 ንግሥት ካአሁማኑ በአደባባይ እንዳይጨፈር ከለከለች። ሕዝቡ ታዲያ መች ተወው? በስውር ቀጠለ። በ1883 ንጉሥ ካላካዋ በዘውድ በዓሉ ላይ ሁላን እንደገና አደባባይ አወጣው።

የባሰው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በ1893 የሃዋይ ንግሥት ከዙፋን ወረደች። በ1896 ትምህርት በእንግሊዝኛ ብቻ እንዲሰጥ ሕግ ወጣ። ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ሲናገሩ ተቀጡ። ቋንቋው ከጠፋ ሁላው ምን ሊነግር ነው?

ደግነቱ አያቶቹ መጻፍ ተምረው ነበር። ግጥሞቹን በጋዜጣና በደብተር አስፍረዋል። የልጅ ልጆቹ ያንን እያነበቡ፣ ሽማግሌዎችንም እየጠየቁ ተማሩ። በ1978 ቋንቋው የመንግሥት ቋንቋ ሆነ። በ1987 በመንግሥት ትምህርት ቤቶች እንደገና ማስተማሪያ ሆነ።

ዛሬ በብዙ የሁላ ቤቶች ተማሪዎቹ ዝም ብለው አይገቡም። በር ላይ ቆመው በሃዋይኛ በዜማ ፈቃድ ይጠይቃሉ። መምህሩ ከውስጥ ያዳምጣል። በዜማ ሲመልስላቸው ይገባሉ።