ዲግሪው የራሳቸው፣ ወንበሩ የማን?

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዝዳንት በተሾሙ ቁጥር ወሬያችን አንድ ነው፤ «የት ተማሩ? የት ሠሩ?» እኔ ግን ሌላ እጠይቃለሁ። ማን ሾማቸው? ነገስ ማን ያወርዳቸዋል?

ግቢው የተማረ ሰው አጥቶ አያውቅም። ኮሌጁ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈት ካናዳዊው ካህን ዶክተር ሉሲየን ማት መሩት። በኋላ የንጉሡን የልጅ ልጅ ያገቡት ልጅ ካሣ ወልደማርያም መጡ። ከዚያ ወዲህ ዶክተርና ፕሮፌሰር ተፈራረቀበት። ታዲያ ምን ጠቀመ?

ታኅሣሥ 1985 ዓ.ም. ተማሪው የኤርትራን ሪፈረንደም ተቃውሞ ቢወጣ በጥይት ተመለሰ። ፕሬዝዳንቱ ዶክተር ዓለማየሁ ተፈራ ተነሱ። የተተኩት ዶክተር ዱሪ መሐመድ በደርግ ዘመንም እዚያው ወንበር ላይ የነበሩ ናቸው። ልምድ ከተባለ ከእሳቸው በላይ ማን አለ? ሆኖም በዚያው ዓመት ሚያዝያ፣ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስን ጨምሮ ከ40 በላይ መምህራን ተባረሩ። ያ ሁሉ የሥራ ልምድ አንድ መምህር እንኳ አላዳነም። ለምን ቢሉ፣ የሾመ ያዛል!

በ2015 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው «ራስ ገዝ» ተብሏል። ስሙስ ያምራል። ግን ፕሬዝዳንቱ ከመምህራኑ ጥያቄ ይልቅ ከላይ የሚደወል ስልክ የሚያስደነግጣቸው ከሆነ፣ ራስ ገዝነቱ ወረቀት ነው። እንግዲህ መምህራኑ ይምረጧቸው፤ ሲያጠፉም መምህራኑ ያውርዷቸው። የትምህርት ማስረጃቸውን ያን ጊዜ ቁጭ ብለን እናያለን።