በዓይን ውስጥ ስለሚተከለው ሌንስ

መነጽር ማድረግን የሚጠላ ወጣት በየቤቱ አይታጣም። አንዳንዱ መልኬን ያበላሽብኛል ይላል፤ አንዳንዱ ግን መነጽሩን ባወለቀ ጊዜ በጥቂት ክንድ ርቀት የቆመውን ሰው ለይቶ አያውቅምና ችግሩ እውነተኛ ነው። እንዲህ ላለው ሰው በዛሬው ዘመን ሐኪሞች ቀጭን ሌንስ በዓይኑ ውስጥ ይተክሉለታል። ሥራው መልካም ነው፤ ሆኖም ወላጅ ልጁን ከመስደዱ በፊት ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ።

ከሩቅ ማየት የሚሳነው ዓይን በብዙው ጊዜ ከልኩ በላይ ወደ ኋላ የረዘመ ዓይን ነው። ብርሃኑ በዓይን ጀርባ ባለው በሬቲና ላይ ማረፍ ሲገባው ከእርሱ በፊት ይሰበሰባል፤ ስለዚህም የሩቁ ነገር ይደበዝዛል። የሚተከለው ሌንስ ብርሃኑን ወደ ስፍራው ይመልሰዋል፤ የረዘመውን ዓይን ግን አያሳጥረውም። የረዘመ ዓይን ሬቲናው የሳሳ ስለ ሆነ ለመቀደድና ለመላቀቅ የቀረበ ነው፤ ሰውዬው ሌንስ ተተክሎለት አጥርቶ ቢያይም ይህ አደጋ ከእርሱ ጋር ይኖራል።

የሥራው ታሪክ ራሱ ያስተምራል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1949 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ሐኪም ሃሮልድ ሪድሊ በሎንዶን ከተማ የዓይን ሞራ ለያዘው ሰው ሰው ሠራሽ ሌንስ ተከለ። ጥቂት ዓመት ቆይቶ በሮማ ስትራምፔሊ፥ በባርሴሎናም ባራኬር፥ የተፈጥሮውን ሌንስ ሳያወጡ ሌላ ሌንስ ከፊቱ እየጨመሩ ከሩቅ ማየት የተሳናቸውን ማከም ጀመሩ። የታከሙት ወዲያው አዩ፤ ደስታም ሆነ። ነገር ግን ጊዜው እየገፋ ሲሄድ የዓይናቸው ፊተኛ ጥርት ያለ ሽፋን፥ ኮርኒያ የሚባለው፥ እያበጠ ይደፈርስ ጀመር፤ ባራኬርም ከተከላቸው ሌንሶች ከግማሽ የሚበልጡትን መልሶ ለማውጣት ተገደደ። በኮርኒያ ውስጠኛ ገጽ የተነጠፉት ጥቃቅን ሕዋሳት ውሃውን እየገፉ ጥራቱን የሚጠብቁ ናቸው፤ በሰው ዓይን አንድ ጊዜ ከሞቱ ሌላ አይተካባቸውም።

ዛሬ ሌንሱ ለስላሳ ሆኗል፤ ብዙውን ጊዜም የሚቀመጠው ከባለ ቀለሙ የዓይን ክበብ ኋላ፥ ከተፈጥሮው ሌንስ ፊት ነው። በሁለቱ ሌንሶች መካከል የሚቀረው ክፍተት ከ1 ሚሊሜትር ያነሰ ነው፤ ጭንቁም ያለው እዚህ ላይ ነው። ሌንሱ ለዓይኑ ካጠረ ክፍተቱ ጠቦ የተፈጥሮውን ሌንስ ይነካና የዓይን ሞራ ሊያመጣ ይችላል። ከረዘመ ደግሞ ባለ ቀለሙን ክበብ ወደ ፊት እየገፋ የዓይኑን ውሃ መንገድ ያጠባል፤ ውሃው ሲታቆር ግፊቱ ከፍ ይላል፥ ግፊቱ ከቆየም የማየት ጅማት ይጎዳል። ይህ ጉዳት አይመለስም። በአዲሶቹ ሌንሶች መካከል ውሃው እንዲያልፍ ትንሽ ቀዳዳ ተበጅቷል፤ እንዲህ ያለውም ሌንስ በ2022 በአሜሪካ ተፈቅዷል። ቀዳዳው አደጋውን እጅግ ቀነሰው እንጂ ፈጽሞ አላጠፋውም። ሌሊት በመብራት ዙሪያ ቀለበት ማየት ግን ከባዱ ጣጣ አይደለም፤ ብዙዎች ይለምዱታል።

ሐኪሙ የሚያቀርበው የስምምነት ወረቀት ይህን ሁሉ የያዘ መሆን አለበት። በፍርድ አደባባይ የዋለ ሰው እንደሚያውቀው ሳይነበብ የሚፈረም ወረቀት ብዙ ነው፤ ይህኛው ግን ከርስት ውል አያንስምና ልጁም ወላጁም ተቀምጠው ያንብቡት። ይልቁንም የዓይኑ ፊተኛ ክፍል ጥልቀት ምን ያህል እንደ ሆነ፥ የኮርኒያው ሕዋሳት ተቈጥረው እንደ ሆነ፥ ብሌኑም በመድኃኒት ተከፍቶ የሬቲናው ዳር ታይቶ እንደ ሆነ ይጠይቁ። ይህን ሳይለካ ቀን የሚቆርጥ ሐኪም ቢገጥም ወደ ሌላ መሄድ ነውር አይደለም። የመነጽሩ ቁጥር ገና በየዓመቱ የሚጨምር ልጅም ይታገሥ፤ የአሜሪካው ፈቃድ ራሱ ከ21 እስከ 45 ዓመት ላለው ሰው ነው።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ዓይኑ እየቀላ ሕመሙ የጠናበት፥ ዕይታውም የቀነሰበት ሰው በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪሙ ይሂድ። ከዓመታት በኋላም ቢሆን ብልጭታ ወይም እንደ መጋረጃ ያለ ጥላ ያየ ሰው ነገሩን ለነገ አያሳድር፤ የሬቲና ምልክት ነውና። ምንም ባይሰማው እንኳ ግፊቱን፥ ክፍተቱንና የኮርኒያውን ሕዋሳት በየዓመቱ ያስለካ። የሌንሱ መጠን የተጻፈበትንም ካርድ ከቤቱ ወረቀት ጋር ያኑረው፤ ሌንሱን ለማውጣት ወይም ለመለወጥ አንድ ቀን ያስፈለገ እንደ ሆነ ሐኪሙ አስቀድሞ የሚጠይቀው እርሱን ነውና።