«ኮሌስትሮሌ ደህና ነው» ብቻውን ዋስትና አይሆንም

«ዶክተር፣ ኮሌስትሮሌን ተመርምሬ ደህና ነው ተብያለሁ፤ የልቤ ነገር አያሳስበኝም።» በደሴም በኮምቦልቻም ከታካሚዎች ደጋግሜ የምሰማው ቃል ነው። እንዲህ ካሉኝ አንዱ በሚሌ በኩል ጅቡቲ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ጠቅላላ ኮሌስትሮሉ 190 ነበር፤ ከ200 በታች በመሆኑ ተደስቷል። የደም ግፊቱ ግን 160/100 ሆኖ ተገኘ፤ በቀን አንድ ፓኮ ሲጋራም ያጨሳል።

ውድ አንባቢያን፣ ኮሌስትሮል ሰውነታችን የሚፈልገው፣ ጉበታችንም የሚያመርተው ቅባት ነው። ችግሩ ኤልዲኤል የሚባለው «መጥፎው» ሲበዛ ነው። ይህ ቅባት በደም ቧንቧ ግድግዳ ውስጥ ለዓመታት ይጠራቀማል። ሲጋራ፣ የደም ግፊትና የስኳር በሽታ ግድግዳውን ስለሚጎዱ ክምችቱን ያፋጥናሉ። ክምችቱ ሲቀደድ ደም እዚያው ይረጋና መንገዱን ይዘጋል፤ ውጤቱ ድንገተኛ የልብ ሕመም ወይም ስትሮክ ነው። እስከዚያ ድረስ ምንም ላይሰማዎት ይችላል፤ ቀጭን መሆንም አያድንም።

ስለዚህ ጠቅላላውን ቁጥር ብቻ አይመልከቱ። ኤችዲኤል የተባለውን «ጥሩውን» ከጠቅላላው ይቀንሱ፤ የሚቀረው ቧንቧን የሚጎዳው ክፍል ነው። ለአብዛኛው ሰው ከ130 ሚሊ ግራም በዴሲሊትር በታች ቢሆን ይመረጣል። የሾፌሩ ኤችዲኤል 32 ስለነበር የቀረው 158 ነው። ጠቅላላው ያው 190 ሆኖ ኤችዲኤሉ 65 የሆነ ሰው ግን የሚቀረው 125 ነው። ቁጥሩ አንድ፣ አደጋው ግን የተለያየ ነው።

ይህ የአንድ ሰው ታሪክ ብቻ አይደለም። በ2007 ዓ.ም በሀገር አቀፍ ደረጃ በተካሄደው ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች ጥናት ጠቅላላ ኮሌስትሮላቸው ከፍ ያለ አዋቂዎች 5 በመቶ ገደማ ነበሩ። ጥሩው ኮሌስትሮል ዝቅ ያለባቸው ግን ከግማሽ በላይ፣ የደም ግፊታቸው ከፍ ያለው ደግሞ 16 በመቶ ገደማ ነበሩ።

የዓለም ጤና ድርጅትም አደጋውን በአንድ ቁጥር አይለካም። በሠንጠረዡ ዕድሜ፣ ጾታ፣ ማጨስ፣ የደም ግፊት፣ ስኳርና ኮሌስትሮል አንድ ላይ ተደምረው የ10 ዓመቱ አደጋ ይገመታል። የላቦራቶሪ ምርመራ በማይገኝበት ቦታም በክብደትና በቁመት መገመት ይቻላል።

የወሎ ቤት፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ጾም ያውቃል። ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ለደም ቧንቧ የሚስማሙ ምግቦች ናቸው። የሚረጋ ዘይት ካበዛንባቸው ወይም የአፍጥሩን ሳንቡሳ በዚያው ከጠበስን ግን ጥቅሙ ይቀንሳል። የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ኤልዲኤልን ከፍ የሚያደርግ ቅባት ነው። ቅቤና ጮማም እንዲሁ ናቸውና ጾም ሲፈታ በልክ ይሁኑ።

ዕድሜዎ 40 ከሞላ፣ ወይም ቀደም ብሎ ስኳር፣ ግፊት ወይም በቤተሰብዎ በወጣትነት የደረሰ የልብ ሕመም ካለ፣ ጤና ተቋም ሲሄዱ ግፊትዎን ያስለኩ፤ ስኳርዎንና ኮሌስትሮልዎን በዝርዝር ያስመርምሩ፤ «የእኔ አጠቃላይ አደጋ ስንት ነው?» ብለው ይጠይቁ። ሲጋራ ያቁሙ። መድኃኒት ከታዘዘልዎ «ቁጥሩ ወረደ» ብለው በራስዎ አያቋርጡ፤ ከጎረቤትም አይዋሱ። ደረት ላይ የሚጫን፣ ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ የሚሄድ ሕመም ከመጣ ደግሞ እስኪነጋ አይጠብቁ፤ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።