ብይ ያልተጫወተ አቶምን አይረዳም

የቶምሰን አቶም፣ የራዘርፎርድ አቶም፣ የቦር አቶም... ሃይስኩል እያለን ሦስቱንም በተርታ ሸምድደን ፈተና ላይ ዘርግፈናቸው የወጣን ስንቶቻችን ነን? እኔ ግን ጥፋቱ የተማሪው አይመስለኝም። የታሪኩ ጣፋጭ ክፍል ስለሚዘለል ነው።

እስቲ ብይ አስቡ። ትልቁን ብይ ቆሞ በሚጠብቀው ትንሽ ብይ ላይ ፊት ለፊት ብትለቁት ትንሹ ይፈናጠራል፣ ትልቁ ግን ወደፊት ይቀጥላል። ወደ ኋላ የሚመለሰው ከራሱ የከበደ ሲገጥመው ብቻ ነው።

አሁን ወደ ማንችስተር። እ.ኤ.አ. በ1909 ጋይገርና ማርስደን የአልፋ ቅንጣቶችን በስስ ብረት ላይ እየለቀቁ፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ በማይክሮስኮፕ ብልጭታ ይቆጥሩ ነበር። ማርስደን ገና የ20 ዓመት ልጅ ነው፣ ዲግሪውን እንኳ ያልጨረሰ ተማሪ! (ስሙን የሰማችሁ እጃችሁን አውጡ።) በቶምሰን ሐሳብ አቶም ማለት ፖዘቲቭ ቻርጁ እንደ ሊጥ የተንሰራፋበት፣ ኤሌክትሮኖች የተሰገሰጉበት ኳስ ነው። አልፋ ደግሞ ከኤሌክትሮን 7,300 ጊዜ ያህል ይከብዳል። ታዲያ ማን ይመልሰዋል? ግን ከፕላቲነም ላይ ከ8,000ው አንዱ ያህል ተመልሶ መጣ።

ራዘርፎርድ በ1911 የሰጠው መልስ ከብዩ ጨዋታ አይርቅም፤ መሃል ላይ ከአልፋ እጅግ የከበደ፣ በጣም ጠባብ ቦታ የያዘ ነገር አለ። በርግጥ እነዚህ "ብዮች" አይነካኩም፣ የሚገፋፉት በቻርጃቸው ነው።

ይሄን ለማስተማር "ላብራቶሪ የለንም" የሚል ምክንያት አይዋጥልኝም። አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ብይ የማይገኝበት ሰፈር እስቲ አሳዩኝ!