በክረምት በወንዝ አፍ ዓሣ ስለ ማጥመድ

ክረምት ገብቶ ወንዞች ሲሞሉ፥ በጣና ሐይቅ ከሚኖረው የነጭ ዓሣ ወገን ብዙው ዕንቍላሉን ለመጣል ወደ ጉማራና ወደ ርብ ወንዞች ይወጣል። በዚያን ጊዜ በወንዙ አፍ መረብ የሚዘረጋ ሰው የዘሩን እህል ፈጭቶ እንደሚበላ ገበሬ ይቈጠራል። ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ባለው ጊዜ የዚህ ዓሣ ብዛት ከግማሽ በላይ መጕደሉ ተመርምሮ ታውቋል። ስለዚህ በመራቢያው ወራት የወንዞቹ አፍ ከመረብ ሊጠበቅ ይገባል። ነገር ግን ዝናቡ አንድ ዓመት ፈጥኖ፥ አንድ ዓመት ዘግይቶ ይገባልና፥ የክልከላው ቀን በወር ስም ብቻ ሳይሆን በወንዙ ሙላት ቢወሰን ይሻላል። አጥማጁም ልጆቹን የሚያሳድግበት ሥራ ነውና፥ በሐይቁ ውስጥ ቆሮሶ ከማጥመድ አይከልከል። የወረዳ ሹማምንት ይህን ከአጥማጆች ጋር መክረው ቢያጸኑት፥ የዘንድሮው ትዕግሥት ለከርሞው መረብ ይተርፋል።