አንድ ትኩሳት፣ ሁለት ደዌ

ሕፃን ሲያተኩሰው ቤተሰብ በመጀመሪያ የሚጠረጥረው ወባን ነው፤ ጥርጣሬውም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ደሙ ተመርምሮ ወባ ሲገኝበት ምርመራው ሁሉ እንደ ተፈጸመ መቍጠር አደገኛ ልማድ ነው። የወባ መገኘት ሌላ ደዌ አለመኖሩን አያረጋግጥምና።

በድሬዳዋ የደረሰው ለዚህ አብነት ይሆናል። በከተማይቱ በ2006 ዓ.ም. የደንጊ ትኩሳት፣ በ2011 ዓ.ም. ቺኩንጉንያ፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ወባ በወረርሽኝ መልክ ተነሥተዋል። ደንጊንና ቺኩንጉንያን የምታስተላልፈው ኤደስ የተባለችው ትንኝ በቀን ትናከሳለች፤ ለ2014ቱ ወረርሽኝ ምክንያት የሆነችው አኖፌሌስ ስቴፈንሲ የተባለችው የወባ ትንኝ ግን በአመዛኙ ከምሽት ጀምሮ ነው። ሁለቱም የሚራቡት በየቤቱ በሚጠራቀም ውሃ በመሆኑ፣ ከአንድ በርሜል የወጡ ትንኞች ቀንና ሌሊት ተፈራርቀው አንዱን ሕፃን በሁለት ደዌ ሊለክፉት ይችላሉ።

ትኩሳቱ፣ ራስ ምታቱና ማስታወኩ ስለሚመሳሰል በመልክ ብቻ መለየት ያዳግታል። አንዳንዱ ፈጣን የወባ መመርመሪያም በሽተኛው ከታከመ ከሳምንታት በኋላ ወባ እንዳለ ሊያሳይ ይችላል። የደንጊ ምርመራ ደግሞ እንደ ሕመሙ ዕድሜ ይለያያል፤ በመጀመሪያዎቹ 5 ቀናት የቫይረሱ ፕሮቲን፣ ከዚያ በኋላ ፀረ አካል ይፈለጋል። ስለዚህ እናት ትኩሳቱ የጀመረበትን ቀን ለሐኪሙ መንገር፣ ሐኪሙም መጠየቅ ይገባቸዋል።

ወባ የተገኘበት ሕፃን መድኃኒቱን ሳይዘገይ ይውሰድ። ነገር ግን ደንጊ አለመሆኑ ሳይረጋገጥ አስፕሪንም ሆነ አይቡፕሮፌን አይሰጠው፤ መድማትን ያባብሳሉ። ከሁሉ የሚያሳስበው፣ ደንጊ የሚከፋው ብዙ ጊዜ ከ3ኛው እስከ 7ኛው ቀን፣ ትኩሳቱ በርዶ ቤተሰብ «ተሻለው» በሚልበት ሰዓት መሆኑ ነው። ብርቱ የሆድ ሕመም፣ የማያቋርጥ ማስታወክ፣ የድድ ወይም የአፍንጫ መድማት፣ የእጅና የእግር መቀዝቀዝ ከታየ ሕፃኑ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ ይመለስ።

አንድ ጠላት የማረከ ቃኚ ሌላ የለም ብሎ ጠመንጃውን አያስቀምጥም። የሠራዊቱ አባላት በየሰፈራቸው፣ የከተማው ነዋሪዎችም በየግቢያቸው የውሃ በርሜሎችን በየሳምንቱ ገልብጠው፣ የትንኟ ዕንቍላል ከጎኑ ይጣበቃልና ውስጡን ፈትገው፣ ከድነው እንዲያኖሩ አጥብቀን እናሳስባለን። የጤና ባልደረቦችም አንዱን ደዌ ባገኙ ጊዜ ሁለተኛውን ከመፈለግ አይቦዝኑ። የሕፃናቱ ሕይወት በዚህ ትጋት ላይ የተመሠረተ ነው።