ስለ አሞርዛተር አመራረጥ

ጥንት እንጦጦን በበቅሎ የሚወጣ መኰንን የበቅሎዋን ኮቴና የኮርቻዋን ጠፍር ሳያስመረምር ከቤቱ አይነሣም ነበር። ዛሬ ግን ቤተ ሰባችንን በአውቶሞቢል ጭነን ስንወጣና ስንወርድ፥ ከመኪናይቱ በታች ያለውን የሚመረምር ከመካከላችን ጥቂት ነው።

እኛም ከቸልተኞቹ ወገን ነበርን። ባለፈው የካቲት 16 ቀን አረጋዊት እናታችንንና ልጆቻችንን ይዘን የእንጦጦ ኪዳነ ምሕረትን በዓል አክብረን፥ ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ቁልቁል ስንመለስ፥ መኪናችን በመጠምዘዣው ላይ እንደ ጀልባ ተናወጠች፤ ፍሬን ስንይዝም ወደ ፊት ተደፋች። በእግዚአብሔር ቸርነት ጉዳት አልደረሰም። እናታችን ግን፥ «ልጄ፥ ይህችን ነገር ሳታሳያት ሁለተኛ አልሳፈርባትም» አሉን።

በማግስቱ መካኒኩ እንደ አስረዳን፥ ክብደቱን የሚሸከመው ሞላው ወይም ባሌስትራው ነው፤ አሞርዛተር ግን የሞላውን መዝለል የሚያበርድ ነው። በውስጡ ያለው ዘይት በጠባብ ቀዳዳ እየተገፋ ሲያልፍ እንቅስቃሴውን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። አሞርዛተሩ ሲደክም ጎማው መሬቱን በሚገባ አይረግጥምና መኪናይቱ ለመቆም ረጅም ርቀት ትፈልጋለች። የድካሙም ምልክት ዘይት ማንጠባጠብ፥ የጎማው መቦርቦር፥ ማዕዘኗንም በእጅ ተጭነው ሲለቁት ደጋግሞ መዝለል ነው።

ሻጩ ከሁሉ የጠነከረውን አቀረበልን፤ እኛም ዘይት ያንጠባጠበውን አንዱን ብቻ ለመለወጥ አስበን ነበር። ሁለቱም ስሕተት ነው። ብርቱ በሬ ከደካማ ጋር ቢጠመድ እርሻው እንደማይቀና፥ በአንድ አክሰል ላይ ያሉት ሁለቱ አሞርዛተሮች በአንድነት መለወጥ አለባቸው። እጅግ የጠነከረውም ብዙ ጭነት ለሚጭን ነው እንጂ፥ በቀላል መኪና ላይ ሲሆን ጎማውን በኮረኮንች ያዘልላል፥ የሽማግሌንም ወገብ ይጎዳል።

ስለዚህ ከመገናኛ እስከ ኮተቤ በአስፋልት ለሚመላለስ ሰው ከፋብሪካው የወጣውን ዓይነት መተካት ይበቃዋል። ዘወትር በኮረኮንች ለሚሄድ ግን ናይትሮጅን ጋዝ የተሞላበት ይሻላል፤ ጋዙ ዘይቱ እንዳያረፋ ይከላከላልና። የኤሌክትሪክ መኪና ያለውም ባትሪው ከባድ መሆኑን አስቦ ለዚያችው መኪና የተሠራውን ይግዛ።

እንደ ራቭ 4 ባሉት መኪናዎች ፊት ያለው ስትረት የሚባለው፥ አሞርዛተሩንና ሞላውን በአንድነት የያዘ ነው። ከተለወጠ በኋላ የጎማው አቅጣጫ በመሣሪያ መስተካከል ይገባዋል። ሞላውም ታምቆ የተቀመጠ ስለ ሆነ፥ ያለ ማመቂያ መሣሪያ የሚፈታው ሰው ሕይወቱን ለአደጋ ይሰጣል፤ ይህ ሥራ የባለሞያ ነው።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ከተነገረ ወዲህ፥ ያለችውን ጠብቆ መያዝ ከቀድሞው ይልቅ አስፈላጊ ሆኗል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአባቶቻችን ቃል ለዚህም ይሠራል።

እኛ መካከለኛውን መርጠን ሁለት ሁለቱን አስለወጥን። በመጋቢት 16 ቀን ዳግመኛ ወደ ኪዳነ ምሕረት ወጣን፤ እናታችንም ቁልቁለቱን እንቅልፍ ወስዷቸው ወረዱ። ለአንባቢዎቻችንም ቤተ ሰብ እንዲህ ያለውን የሰላም መንገድ እንመኛለን።